ቤት ውስጥ የሰለጠነ መሪ ውሻ ታክሲና ባንክ ይገባል ወይ? ላልሽው

እህቴ፣ ኮዬ ፈጬ ላይ ዓይነ ስውር ወንድምሽን እንዲመራ ራሳችሁ የምታሰለጥኑት ውሻ፣ ከውጭ ሰልጥኖ ከመጣ ውሻ እኩል ይታያል ወይ ብለሻል።

ሊታይ ይገባል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ውሻን በስም ባይጠራም የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 20 ሕይወት ያለው ረዳትን ያነሳል፤ ማን ያሰልጥነው አይልም። የአሜሪካ ሕግም ባለቤቱ ራሱ ያሰለጠነውን እኩል ያያል፣ ሰርተፍኬት አይጠይቅም። ውሻው የሚወጣው ባለቤቱ መቆጣጠር ካልቻለ ወይም ቤት ውስጥ ከተጸዳዳ ነው። ልምምድ ላይ ያለ ውሻ ግን በዚያ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አይሸፈንም። ስለዚህ ሳይጨርስ ባንክ በር ላይ አትከራከሩ።

ለመጨረስ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ያዙለት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ። ሽልማቱ በጥፍር ልክ የተቆረጠ የተቀቀለ ሥጋ ይሁን፤ ጥሬ ሳንባና ጉበት ግን ወደ ሰው የሚተላለፍ ትል ያመጣል። መጀመሪያ ግቢ፣ ከዚያ ጭር ያለ ኮብልስቶን፣ በመጨረሻ ገበያ። ክዳን የሌለው ቦይና ደረጃ ላይ ሲደርስ ይቁም፤ ወንድምሽ በዱላው ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ይቀጥል። ውሻው መቆሙን ትቶ ዞሮ ቢያልፍ ወንድምሽ ቦይ መኖሩን አያውቅም፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ይህን ክፍል ዓይናማ ሰው ከጎን ሆኖ ሳይከታተል አትሞክሩት።

እኛ ሰፈር ከሁሉ የሚከብደው ድንጋይ ነው። የሐበሻ ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል ሊወረወርበት መስሎት ይሸሻል ወይም ይጮኻል። መንገድ ላይ ደግሞ ጫማ ለማሰር የሚያጎነብስ ሰው አይጠፋም። የተለያዩ ሰዎች ከ10 ሜትር ጀምረው ጎንበስ እያሉ ሥጋ ይጣሉለት፤ ካልደነገጠ ብቻ ቀስ በቀስ ይቅረቡ። ሲመሽ የባዘኑ ውሾችና የጅብ ሽታ ስለሚያውኩት ልምምዱ በቀን ይሁን።

ታክሲውን ሞተሩ ጠፍቶ በቆመ ሚኒባስ ጀምሩ። ከወንበር ሥር ገብቶ፣ ጭራውን ሰብስቦ 15 ደቂቃ ይተኛ። ጉዞውን ጠዋት ከ4 ሰዓት በኋላ፣ ግፊያው ሲቀንስ ሞክሩ። ረዳቱን ቀድማችሁ አናግሩት።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ይጀመራል፣ በየዓመቱ ይታደሳል። ሰው የሚፈራው እሱን ስለሆነ ካርዱ ከኪስ አይለይ፤ ከገበያ የተገዛ የመሪ ውሻ መታወቂያና ሰደርያ ግን ምንም አያረጋግጥም። ለባንኩ ጥበቃ ወንድምሽ ራሱ እንዲህ ይበል፦ «ጌታዬ፣ መሪዬ ነው፤ ደረጃና ቦይ ላይ ያስቆመኛል፤ ክትባቱ ይኸው።» ከከለከለ ሥራ አስኪያጁን አስጠሩና ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ስትሄዱ ግን ውጭ የሚይዘው ሰው አብሯችሁ ይሂድ።