ስለ አቦርጂኖች ልብ ለጠየቃችሁኝ

የምሠራው በሰሜን አውስትራሊያ፣ ዳርዊን አካባቢ ነው፤ ነርስ ነኝ። አቦርጂኖች ስለሚባሉት የአገሬው ሕዝብ የልብ ሕመም ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ይኸው መልሴ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲስተር፣ የልብ በሽታው በዘራቸው ነው የሚባለው እውነት ነው?

ይህን በሰማሁ ቁጥር ያመኛል። የዘር ድርሻ በማንም ሰው ላይ አለ። የእነሱ አያቶች ግን የሚበሉት ካንጋሮ፣ ዓሣ፣ ከመሬት የሚቆፈር ሥራ ሥርና የጫካ ማር ነበር። ነጮቹ መሬቱን ለከብት ሲይዙት ራሽን፣ ማለት የሚታደል ቀለብ፣ መጣ፦ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይ፣ ትምባሆ። በከብት እርባታዎችና በሚሲዮኖች ትምባሆ በደሞዝ ፋንታ ይታደል ነበር። ዛሬ ሲጋራ፣ የስኳር በሽታ፣ ደም ግፊት እያልን የምንቆጥረው አብዛኛው ከዚያ የራሽን ከረጢት የወጣ ነው።

በ1982 ኬሪን ኦዴይ የተባለች ተመራማሪ ከደርቢ፣ ምዕራብ አውስትራሊያ፣ የስኳር በሽታ ካለባቸው 10 አቦርጂኖች ጋር ወደ አባቶቻቸው ምድር ወጣች። 7 ሳምንት እያደኑና እየለቀሙ በሉ። በአማካይ 8 ኪሎ ቀነሱ። ስኳራቸው ወረደ፣ በደማቸው ያለው ስብም እንዲሁ። ዘራቸው ያው ነው፤ የተለወጠው ምግባቸውና ውሏቸው ነው።

በስንት ዓመታቸው ይጀምራቸዋል?

ከሌላው አውስትራሊያዊ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድሞ። ለዚህ ነው ምርመራው ቢዘገይ ቢዘገይ በ18 ዓመት ይጀመር የሚባለው። የ35 ዓመት ሰው ደረቴን አለ ሲል ጨጓራ ነው ተብሎ አይሸኝም።

ልጆችም ይታመማሉ?

እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። ሩማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም ባክቴሪያ ከሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም ይጀምራል፤ እዚህ ከቆዳ ቁስልም ሳይነሳ አይቀርም ይባላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ የራሱን የልብ በር ይጎዳል። በአንድ ቤት አሥር አሥራ አምስት ሰው ሲያድር፣ ልብስ ማጠቢያው ተበላሽቶ ሲቀር፣ ባክቴሪያው ከልጅ ልጅ ይዞራል። ማኒንግሪዳ በተባለች መንደር በ2018 ተማሪዎች ሲመረመሩ ከ100ው 5 ያህሉ ተገኘባቸው።

አንዴ የታመመ ልጅ እንዳይብስበት መከላከያው በየ28 ቀኑ የሚወጋ ፔኒሲሊን ነው፣ ለዓመታት። መድኃኒቱ እንደ ወተት ነጭና ወፍራም ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚገፋው። ልጁ አስቀድሞ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ዳሌው ላይ ይይዛል። አያቱ እጁን ይዛ በቋንቋቸው ታወራዋለች። እኔ ቃሉ አይገባኝም፤ ትከሻው ሲላላ ግን አያለሁ። ያን ጊዜ እወጋዋለሁ።

መንግሥት ምን እያደረገ ነው?

እስከ 2031 ሩማቲኩን ለማጥፋት ግብ ተይዟል። ቤት ካልተሠራ በመርፌ ብቻ አይሆንም እላለሁ። ተስፋ የሚሰጠኝ አቦርጂኖች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው ክሊኒኮች ናቸው። የመጀመሪያው በ1971 ሲድኒ፣ ሬድፈርን ተከፈተ። ሰው የራሱ ወገን ሲቀበለው ቶሎ ይመጣል።

ይህ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ያው ሩማቲክ እኛም አገር የስንቱን ልጅ ልብ ጎድቷል። ልጅ ጉሮሮው ታሞ ሲያተኩሰው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ሌላ አደጋ ነው የሚጨምረው። ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ወደ ክርን እየዞረ ካስነከሰው ደግሞ ብርድ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ልጄ መርፌውን ከጀመረ 2 ዓመቱ ነው። ምንም አይለውም፣ ኳስ ይጫወታል። ላቁምለት?

እህቴ፣ እንዳታቆሚ! ምንም የማይለው መርፌው ስላለ ሊሆን ይችላል። ልቡ በአልትራሳውንድ ታይቶ ሐኪሙ በቃ እስኪል ቀጥይ። ቀን ካለፈሽ የሚቀጥለውን ወር አትጠብቂ፤ ነገ ጠዋት ይዘሽው ሂጂ።