ልጅህን ሳሎን ጠርተህ አታፋጥጠው

«የ15 ዓመት ልጄ ምን ብጠይቀው "ምንም" ብቻ ነው የሚለኝ» ላልከው፦ ጠርተህ ፊት ለፊት ማስቀመጡን ተው። ለሱ ችሎት ነው። ጎን ለጎን ሁኑ። ቅዳሜ ፀሐዩ በረድ ሲል ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ወደ አዲሱ የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ ውጡና 380 ሜትሩን እየገፋችሁ በእግር ተሻገሩት፤ ሳትፋጠጡ ወሬ ይቀላል። ዝም ካለ አንተም ዝም በል፣ ስለ ውጤትና ስለ ስልክ ግን ትንፍሽ እንዳትል። ከዚያ ጣና ሐይቅ ዳር ዓሣ ጥብስ ጋብዘው። እሾሁን እየለቀማችሁ ስለ ኳስ ጠይቀው፣ እሱ ያስረዳህ (ብታውቀውም)።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የነገረህን፣ የሚያሰጋ ነገር ካልሆነ በቀር፣ ቡና ላይ እንዳታወራው። እዚሁ ሰፈራችን አንድ አባት ልጁ ስለወደዳት ልጅ የነገረውን ለሳቅ ብሎ ለዘመድ አወራ። ልጁ ከዚያ ወዲህ አብሮት ምሳ እንኳ አይቀርብም።