«ሰው ስላስጠላኝ ልመንኩስ» ለሚል ወንድም

ጥያቄ፦ መምህር፣ «ሞንክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻው «ብቸኛ» ማለት እንደሆነ አነበብኩ። ከወንድሞቼ ጋር በውርስ ከተጣላን ወዲህ ሰው አስጠልቶኛል። ቤቴን ዘግቼ በጾም በጸሎት ብወሰን መነኩሴ አልባልም? የግድ ገዳም ገብቼ ከማኅበር ጋር መኖር አለብኝ?

መልስ፦ ልጄ፣ ያነበብከው እውነት ነው። «ሞንክ» በላቲን በኩል አልፎ ከግሪኩ «ሞናኮስ» የመጣ ነው፤ የእኛም «መነኩሴ» ከዚያው ምንጭ ተቀድቷል። ሥሩ «ብቻ» ማለት ነው። ነገር ግን «ሰው አስጠላኝ፣ ልመንኩስ» እያሉ የመጡብኝ ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። መነኩሴ ዓለምን ይንቃል እንጂ ሰውን አይጠላም።

የመነኮሳትን አባት እንጦንስን ተመልከት። «ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» (ማቴ. 19፥21) ሲባል ሰምቶ በዚያው በረሃ አልገባም። እኅቱን ለደናግል አደራ ሰጠ፤ በአቅራቢያው መንደር ይኖር ከነበረ አረጋዊ ተጋድሎን ተማረ። በፈረሰ ምሽግ 20 ዓመት ያህል ዘግቶ የተቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዎች በሩን ሰብረው ሲያገኙትም ያዘኑትን አጽናና፣ የተጣሉትን አስታረቀ። ልብ በል፣ የተጣሉትን አስታረቀ!

ጳኩሚስም ገና አረማዊ ሳለ ለውትድርና ታፍሶ በተዘጋበት ቤት፣ የማያውቁት ክርስቲያኖች ምግብ ይዘው መጡለት። ልቡን ወደ ክርስቶስ የመለሰው ያ ፍቅር ነው። በኋላም አባ ጳላሞንን አገልግሎ በላይኛው ግብፅ የማኅበር ገዳም መሠረተ፤ ሸማኔውም አትክልተኛውም በአንድ ሥርዓት ይጸልዩና ይበሉ ነበር። በእኛም አገር የአንድነት ገዳም የሚባለው ይኸው ነው። አመክሮ ላይ ያለው፣ ማለትም ከመመንኮሱ በፊት የሚፈተነው ወጣት ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ የታመመ አረጋዊ ያጥባል፤ ቆቡ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ ብቻውን መኖር ለሚሻ ሰው «የማንን እግር ታጥባለህ?» ያለው ስለዚህ ነው።

ቤትህን ብትዘጋ ቂምህም አብሮህ ይዘጋበታል። ጌታ «አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ» (ማቴ. 5፥24) ያለው መባ ይዞ መሠዊያው ዘንድ ለደረሰ ሰው ነው፤ አንተ ደግሞ ልታቀርብ ያሰብከው ራስህን ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሽማግሌ ይዘህ ወንድሞችህ ደጅ ሂድ። ርስቱ ቢቀርብህም ይቅር፤ መናኝ ርስት ምን ያደርግለታል? ከዚያ በኋላም ልብህ ገዳም ገዳም ካለህ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ ወደ ገዳሙ አለቃ ወደ አበምኔቱ የሚልኩህ እርሳቸው ናቸው።