ለቤት ድመት የሚሆን መጫወቻ፦ ክሩን ዛሬውኑ አንሺ

እህቴ፣ «የ8 ወር ድመቴ የገዛሁለትን መጫወቻ ዞር ብሎ አያየውም፤ የሹራብ ክር ሲያይ ግን ያብዳል፤ ብተውለት ችግር አለው?» ላልሽው፣ አዎ፣ ችግር አለው።

የድመት ምላስ ላይ ያሉት ሻካራ እሾሆች ወደ ጉሮሮ ያዘነበሉ ናቸው። አፉ የገባ ክር ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይሄድም፤ ልትፋው ቢልም ያቅተዋል። አንዱ ጫፍ ምላሱ ሥር ወይም ጨጓራው ውስጥ ከተያዘ፣ አንጀቱ ቀሪውን ለመግፋት ሲታገል ማሰሪያው እንደተሳበ ሱሪ ወገብ ይሸበሸባል፤ የተወጠረው ክርም ሊበሳው ይችላል። ሪባን፣ የፀጉር ላስቲክ፣ የገና ዛፍ ብልጭልጭ ሁሉ ያው ነው። ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው ክር ተንጠልጥሎ ካየሽ እንዳትጎትቺው፤ ቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም። ካስታወከ ወይም ምግብ እምቢ ካለም እስኪነጋ አትጠብቂ።

መጫወቻውን የናቀው ክፉ አመል ኖሮት አይደለም። ድመት የሚጫወተው እያደነ ነው፤ ወለል ላይ የተጋደመ የጨርቅ አይጥ ምን ብሎ ያስነሳዋል? እኔ ቤት ከሁሉም የሚሠራው ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ ላባ ነው፤ ነገሩ ግን አያያዙ ላይ ነው። ብዙ ሰው ላባውን ፊቱ ላይ ያወዛውዝበታል። ወደ ድመት አፍ የምትሮጥ አይጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከሱ እያራቅሽ ወለል ለወለል ጎትቺው፣ ከሶፋው ጀርባ ግማሹን ደብቂና ዝም በዪ፣ ከዚያ በትንሹ ነቅነቅ። ጆሮው ይቀሰራል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ሆዱን መሬት አስነክቶ ያደባል፣ መቀመጫውን ግራ ቀኝ ያወዛውዝና ይወረወራል። አልፎ አልፎ ይያዝለት እንጂ፤ ሁሌ ካመለጠው ይሰለቻል። ማለዳና አመሻሽ ላይ 10 ደቂቃ ገደማ ይበቃል፣ ወዲያው ምግቡን ስጪው፤ በልቶ ራሱን ልሶ ይተኛል። ዘንጉን ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፊበት፤ እሱም ክር አለው።

የሌዘር መብራት (ወለልና ግድግዳ ላይ የብርሃን ነጥብ የሚያሳርፈውን) ብዙም አልወድም። የማይያዝ ነገር ማሳደድ አንዳንዱን ድመት ያበሳጨዋል፤ ጥላና ብርሃን ሲያባርር የሚውልም አለ። ካልቀረ ዓይኑ ላይ አታብሪ፣ መጨረሻ ላይም ብርሃኑን የሚይዘው ነገር ላይ አሳርፊለት።

ብቻውን ሲሆን የፒንግ ፖንግ ኳስና ባዶ ካርቶን ይበቁታል፤ የካርቶኑን ቴፕና ስቴፕል ንቀዪ። ፌስታል አይሆንም። አሻንጉሊት ስትገዢ ዓይኑንና ቃጭሉን በጣትሽ ጎተት አድርጊው፤ በጣት ከላላ በጥርስ ይነቀላል። ካትኒፕ (ሽታው ብዙ ድመቶችን የሚያስፈነድቅ ቅጠል) ያለበትን ገዝተሽ ምንም ካልመሰለው አትደነቂ፤ በዘር የሚወረስ ነገር ነው፣ ከ3 ድመት 1ዱ ገደማ አይሰማውም። ያለሽንም ሁሉ አትደርድሪለት፤ ሁለት ሦስቱን አውጥተሽ ሌላውን ደብቂ፣ በየሳምንቱ እየቀያየርሽ።

በእጅሽ ግን አታጫውቺው። አሁን ያስቃል፤ ሲጎለምስ ግን ቆዳሽን ከመጫወቻ የሚለይበት ምክንያት አይኖረውም።