የወተት ኬሚስትሪን ሙያችሁ ልታደርጉ ላሰባችሁ

በአውሮፓና በአሜሪካ የምግብ ኬሚስትሪና የወተት ሳይንስ ለምታጠኑ ወገኖቼ፦ ለዶክትሬት የምትመርጡት ጥያቄ ከዩኒቨርሲቲው ዝና ይልቅ ዕጣችሁን እንደሚወስን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለመምህርነት ስትወዳደሩ ቀጣሪው ኮሚቴ አጥብቆ የሚመረምረው፣ ከአማካሪያችሁ ሥራ የተለየ የራሳችሁ የሆነ ምን እንዳላችሁ ነው።

የግመል ወተትን ተመልከቱ። ኬዝን በሚባለው የላም ወተት ዋነኛ ፕሮቲን ውስጥ፣ ወተት እንዲረጋ ኢንዛይም የሚቆርጠው ካፓ ኬዝን የተባለው ዓይነት 13 በመቶ ያህል ሲሆን፣ በግመል ወተት ግን ከ5 በመቶ አይበልጥም፤ በዚህም ምክንያት በጥጃ ካይሞሲን (ከጥጃ ጨጓራ በሚገኘው ወተት አርጊ ኢንዛይም) ለአይብ የሚሆን ጠጣር ነገር ማውጣት እጅግ ያስቸግራል። የሶማሌና የአፋር አርቢዎች የግመል ወተትን ጠባይ ከማንም በላይ ያውቁታል። የግመልን ካይሞሲን በብዛት ማምረት የሚቻልበትን መንገድ የጠረጉት ግን በስዊዘርላንድና በዴንማርክ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ኢንዛይሙ የላምን ወተት እንኳ ከጥጃው ካይሞሲን በተሻለ እንደሚያረጋ አሳዩ። ይህ ግኝት ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቢወጣ ኖሮ እያልኩ ዛሬም እቆጫለሁ።

ጥያቄ መያዝ ብቻውን ግን አይበቃም። በመጀመሪያው ዓመቴ በወይራ የታጠነ ቅል ወተትን ቶሎ እንዳይበላሽ እንደሚያደርግ ለአማካሪዬ በኩራት ብነግራቸው፣ «የአሲድነቱ መጠን፣ ፒኤቹ፣ በስንተኛው ሰዓት ስንት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ አንዱን ቅል አጥኜ፣ ሌላውን ሳላጥን፣ ከአንዲት ላም የታለበ ወተት በሁለቱም ሞልቼ ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ ስለካ አደርኩ። የመመረቂያ ጽሑፌ የመጀመሪያው ሠንጠረዥ የወጣው ከዚያ ሌሊት ነው። እናቶቻችን በእጃቸው የሚያውቁትን በቁጥር ማስቀመጥ፣ ዕውቀታቸውን ማሳነስ ሳይሆን ሌላው ዓለም ሊመረምረው በሚችል ቋንቋ መጻፍ ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ የእርጎ ናሙና በሻንጣ ይዛችሁ አትምጡ። በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች የሀገር የጀነቲክ ሀብት ስለሆኑ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፤ የማኅበረሰቡ ዕውቀትም በዚሁ አዋጅ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ማመልከቻውን ገና በመጀመሪያው ዓመት አስገቡ። በሐረማያ ወይም በሐዋሳ የሚገኝ ባልደረባችሁንም ናሙና ለቅሞ እንዲልክላችሁ ብቻ ሳይሆን፣ የጥናቱን ዕቅድ አብሯችሁ እንዲነድፍና ስሙ ከስማችሁ ጋር እንዲታተም ከወዲሁ በጽሑፍ ተስማሙ።