የብየዳ ጭስና የ7 ወሯ ልጃችን

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በያጅ ነው፣ በርና መስኮት ይሠራል። የሥራ ቦታውና የምንኖርበት ክፍል የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው። ማታ ሲገባ በቱታው እንዳለ የ7 ወር ልጃችንን ያቅፋታል። ሰሞኑን አንድ ሰው «ጭሱ ውስጥ ማንጋኒዝ አለ፣ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል» አለኝ። ለባሌ ስነግረው «እኔ ወተት እጠጣለሁ፣ ወተት ያጥበዋል» ይላል። እውነት ነው? ጤፍ ውስጥም ማንጋኒዝ አለ ሲሉ ሰማሁ። እንጀራ ልንተው ነው እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንጀራውን ብሉ። ማንጋኒዝ በትንሹ ለሰውነት የሚያስፈልግ ማዕድን ነው፤ ጤፍ፣ ሻይና ጥራጥሬ ውስጥ አለ። በምግብ ሲገባ አንጀት ጥቂቱን ብቻ ይቀበላል፣ ትርፉን ደግሞ ጉበት ከሐሞት ጋር ያስወጣዋል። በጭስ ሲገባ ግን እነዚህ ሁለት በረኞች የሉም። ከሳንባ ደም ውስጥ ይገባና ጉበት ሳያጣራው አንጎል ይደርሳል።

ወተቱም የማይረዳው ለዚህ ነው። ወተት ሆድ ይገባል፣ ጭሱ ሳንባ። ይጠጣ፣ ምግብ ነው፤ መከላከያ አድርጎ ግን አይቁጠረው፣ ይሄ እምነት ስንቱን በያጅ አዘናግቶታል።

ማንጋኒዙ ከኤሌክትሮዱም ከብረቱም ይወጣል። ለዓመታት ሲሳብ እንቅስቃሴን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ይከማቻል። በ1837 ኩፐር የተባለ ሐኪም ግላስጎው ውስጥ የማንጋኒዝ ድንጋይ የሚፈጩ ሠራተኞች እግራቸው እንደዛለና አረማመዳቸው እንደተበላሸ ጽፎ ነበር። ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ባለቤትሽ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ አረማመዱ የከበደ ወይም ያለ ጠባዩ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ሐኪም ይየው፤ ሥራው ብየዳ መሆኑንም ይናገር።

አሁን ወደ ልጅሽ። አንጎል ውስጥ ማይክሮግሊያ የሚባሉ ጠባቂ ሴሎች አሉ። ማንጋኒዝ ሲበዛ ይቆጡና ብግነት የሚያስነሱ ኬሚካሎችን ይለቃሉ፤ ቁጣው ካልበረደ አጠገባቸው ያሉት ነርቮች ይጎዳሉ። በሕፃን አንጎል ውስጥ ደግሞ እነዚሁ ሴሎች ሌላ ትልቅ ሥራ አላቸው፣ የማያስፈልገውን የነርቭ ግንኙነት እየገረዙ አንጎሉን ይቀርጹታል። ቀራጩ በተቆጣበት ሰዓት ቅርጹ እንዴት እንደሚሆን አስቢው። በዚያ ላይ የሕፃን ጉበት ማንጋኒዝን የማስወጣት አቅሙ ገና አልጠነከረም።

የዓለም ጤና ድርጅትም ለመጠጥ ውሃ በሊትር 0.08 ሚሊ ግራም የሚለውን ጊዜያዊ ወሰን ያወጣው በጡጦ የሚመገቡ ሕፃናትን አስቦ ነው። በ2011 የታተመ የካናዳ ኩቤክ ጥናት 362 ልጆችን አይቶ፣ ማንጋኒዝ የበዛበት የቧንቧ ውሃ የሚጠጡት በአእምሮ ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት እንዳላቸው አግኝቷል። ጥናቱ ብቻውን ምክንያቱ ማንጋኒዙ ነው አያሰኝም፣ ለመጠንቀቅ ግን ይበቃል። የእናንተ ውሃ የጉድጓድ ከሆነና ባልዲው ላይ ጥቁር ነገር የሚተው ከሆነ አስመርምሩት። ማፍላት ማንጋኒዝ አያጠፋም።

ቦታ ቀይሩ ማለት ለእኔ ቀላል ነው፣ ለእናንተ ግን ኪራይ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ የሚቻለውን ልንገርሽ። ቱታውን እዚያው ሥራ ቦታ ያውልቅ፣ ፊቱንና እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ ልጁን ይቀፍ። ቱታውን ከልጅቷ ልብስ ጋር አትጠቢው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሽንቁር ሁሉ ድፈኑ፣ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ወልውዪ። እሱም ከተቻለ ደጅ ይበይድ፣ ነፋሱ ጭሱን ከፊቱ በሚወስድበት በኩል ይቁም፣ አንገቱን ጭሱ ላይ አይድፋ። ጥቁሩ መነጽር ዓይን እንጂ ሳንባ አይጠብቅም። የጨርቅ ማስክም የብየዳ ጭስ አያቆምም፣ ቢያንስ ኤን 95 የሚባለው ፊት ላይ ገጥሞ ይደረግ።

ጡት ማጥባቱን እንዳታቆሚ፣ በእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው ማንጋኒዝ በጣም ትንሽ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። አይረንና ማንጋኒዝ ወደ ሰውነት የሚገቡት በአንድ በር ነው፤ አይረን ሲያንስ ማንጋኒዙ አብዝቶ ይገባል። በ9 ወሯ ለኩፍኝ ክትባት ስትወስጃት የደም ማነስ እንዳለባት እንዲያዩልሽ ጠይቂ።