የሽፋኑን ጀርባ አንብቡ

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ወደ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ቴፕና ራዲዮ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ብየዳውን ትቼዋለሁ። ጆሮዬ ግን እግዜር ይመስገን ደህና ነው። ይህን የምጽፈው የእህቴ ልጅ ስለጨቀጨቀኝ ነው። "ጋሼ፣ ለኔ ብቻ አያውሩት፣ ይጻፉት" ይለኛል።

ልጁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ቤት ባስቀመጠን ቀን ስልኩን ከፍቶ ኢንዲ ፖፕ የሚባል፣ በትንንሽ ሙዚቃ ቤቶች የሚታተም የፈረንጅ ሙዚቃ አስደመጠኝ። ጊታሩ ጥርት ያለ፣ ዘፋኙ ደግሞ ጎረቤት እንዳይሰማው የፈራ የሚመስል። መጀመሪያ ሳቅኩ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዝም አልኩ። "ማን ነው ያሳተመው?" አልኩት። አላወቀም። ባንዱን ያውቃል፣ የጊታሪስቱን ፀጉር ሳይቀር ያውቃል፣ ሙዚቃ ቤቱን ግን ጠይቆ አያውቅም።

እዚህ ላይ ነው የምቆጣው። አዲስ ወይም የተረሳ ባንድ ማግኘት ከፈለጋችሁ ዘፋኙን ብቻ አትከተሉ፣ አሳታሚውን ተከተሉ። ትልቅ ኩባንያ የሚሸጥ ይመስላል ያለውን ሁሉ ያወጣል። ትንሽ ሙዚቃ ቤት ግን የአንድ ወይም የሁለት ሰው ጆሮ ነው፤ ያ ጆሮ አንዴ ከጆሮአችሁ ጋር ከተስማማ ስማቸውን ሰምታችሁ የማታውቋቸውን አሥር ባንዶች በአንድ ቀን ያስተዋውቃችኋል።

አብረን ፈለግን። የሰማነው ባንድ ፊልድ ማይስ ይባላል፤ ያሳተመው ሣራ ሬከርድስ። እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ክሌር ዋድና ማት ሄይንስ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ከመኖሪያ ቤታቸው ሆነው የጀመሩት ነው። ባለ 45ቱን ትንሹን ሸክላ ያሳትማሉ፣ ሽፋኑ የታጠፈ ወረቀት ነው፣ በፕላስቲክ ከረጢት ይገባል፣ በቃ። የዘመኑ የሙዚቃ ጋዜጦች ብዙ አሾፉባቸው። እነሱ ግን ቁጥር እየሰጡ ቀጠሉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ። በ1995 መቶኛውን አወጡና ድግስ ደግሰው ዘጉት! ከስረው አይደለም። የሚወዱትን ነገር እንደተወደደ ማቆም ፈልገው ነው። ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የተለያዩ ባንዶችን ለሚሰበስቡት አልበሞቻቸው ስም የሚያወጡት ከከተማቸው ሰፈርና መንገድ ነበር። እስቲ በኛ በባሕር ዳር ሰፈሮች አስቡት፣ ሽምብጥ የሚባል አልበም። ቤዛዊት የሚባል አልበም።

ሁለተኛው መንገድ የሰው ስም ነው። እዚያው ሣራ ላይ ሄቨንሊ የሚባል የኦክስፎርድ ባንድ አለ። የአባላቱን ስም ስታዩ አብዛኞቹ ቀደም ብለው ታሉላ ጎሽ በሚባል ባንድ ነበሩ። ታሉላ ጎሽን ያሳተመው ደግሞ ስኮትላንድ ያለ፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የፓስቴልስ ባንድ ዘፋኝ የሆነ ሌላ ትንሽ አሳታሚ ነው። አያችሁ? ከአንድ ሽፋን ተነስተን ስኮትላንድ ገባን፣ ያውም ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ።

ይህ የፈረንጅ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኛው ሸክላ አሳታሚ አምሐ እሸቴ ምን አደረገ? በንጉሡ ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሐ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ፣ በ1969 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ እንዳይምታታባችሁ)፣ ክልከላውን ጥሶ ዘፋኙን ዓለማየሁ እሸቴን አሳተመ። እዚህ ማተሚያ የለም፤ ቅጂውን መጀመሪያ ወደ ህንድ፣ በኋላ ወደ ሊባኖስ እየላከ ነው ያሳተመው። በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላ አወጣ። የብሪስቶሎቹ ገና ልጆች በነበሩበት ጊዜ ማለት ነው።

አሁን በስሙ መንገድ እንሂድ። ፒያኒስቱንና አቀናባሪውን ግርማ በየነን ውሰዱ። ራሱ የዘፈናቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ "ቅንብር" ከሚለው ቃል ጎን ግን ስሙ አይጠፋም። ግርማ ከዋልያስ ባንድ ጋር ነበር። ዋልያስ በ1981 አሜሪካ ሄደው ሲጫወቱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ ነው። ኃይሉ በ1985 እዚያው አሜሪካ አኮርዲዮኑንና ሲንተሳይዘሩን ይዞ፣ ባንድ ሳይኖረው፣ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፣ ተሰማ፣ ቆየና ተረሳ። ሰውየው ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነጂ ሆነ። ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ብሪያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ፣ የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ ሰው፣ ያንን ካሴት አገኘው። ደወለለት። በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም በስተርጅና ዓለምን እየዞረ መጫወት ጀመረ። ካሴቱን የት እንዳገኘው ታውቃላችሁ? እዚሁ ባሕር ዳር።

እዚሁ! ዘንባባው ሥር ስንመላለስ፣ ጣና ዳር ዓሣ ስንበላ፣ እኔም በየቀኑ የካሴት መደርደሪያ አጠገብ ሳልፍ። በአሜሪካዊው አልቀናም፣ እውነቴን ነው። በራሴ ነው የማፍረው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ካሴት ከላይ በኩል ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። ከተሰበሩ ቴፑ መቅረጽ እምቢ ይላል፣ ኦርጅናል ካሴት እንዳይጠፋ ተብሎ ነው። ቀዳዳውን በፕላስተር ከለጠፋችሁት ግን ይቀርጻል። ባዶ ካሴት ውድ በነበረበት ጊዜ እኔ የፕላስተር ንጉሥ ነበርኩ። ደንበኛ የጠገንኩለትን ቴፕ ሊወስድ ሲመጣ መሥራቱን የማሳየው አንድ ነገር ቀርጬ ነው፤ የምቀርጸው ደግሞ እጄ በገባ ካሴት ላይ። የሠርግ ባንዶች ነበሩ፣ ሁለት ማይክ አቁመው የቀረጹ፣ ሃምሳ ቅጂ እንኳ ያልሸጡ ልጆች። ስንቱን እንዳጠፋሁ አላውቅም። የአንዱም ስም ትዝ አይለኝም።

ስለዚህ አያታችሁ ቤት፣ ከአልጋ ሥር፣ ካሴት ካገኛችሁ ወዲያው አታጫውቱት። መጀመሪያ የሽፋኑን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሱ፣ "ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር" የሚለውን ሁሉ፣ የስልክ ቁጥሩን ጭምር። ጥርሱ ካልተሰበረ ስበሩት። ዓመታት የተኛ ክር ይጣበቃልና እስከ መጨረሻ ወስዳችሁ መልሱት፣ በዝግታ። የቴፑን ሄድ፣ ክሩን የሚያነበውን ብረት፣ በጥጥና በአልኮል ጥረጉ፣ ሽቶ አይደለም፣ ሽቶ ያመጣብኝ ደንበኛ ነበር። ከዚያ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒውተር አስገቡና ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው በዌቭ ፋይል አስቀምጡት፣ የተጨመቀው ኤምፒስሪ ይደርሳል። ደግሞ ከመልቀቃችሁ በፊት ባለቤቱን ፈልጉ። ሰውየው በሕይወት ሊኖር ይችላል፣ ምናልባትም ባጃጅ እየነዳ። ገንዘቡ የሱ ነው፣ ከምንም በላይ ደግሞ ስልኩ ሲጮህ የሚሰማው ደስታ የሱ ነው።

ለአዳዲሶቹም እንደዚሁ። አንድ የከተማችሁ ባንድ ሁለት ዘፈን በራሱ ወጪ ካወጣ፣ ማን ባስ እንደመታ ጠይቁና ጻፉት። እነሱ ራሳቸው ይረሱታል።

ባለፈው ወር የድሮ ሣጥኔን ስፈትሽ አንድ ፕላስተር የተለጠፈበት ካሴት አገኘሁ። የራሴ እጅ ጽሑፍ፣ "ሙከራ" ይላል። በሁለቱም ገጽ የራሴ ድምፅ ነው፣ "አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት"፣ ከዚያ ከራዲዮ የቀዳሁት ዜና። ልዘጋው ስል ዜናው ቋ ብሎ ተቆረጠና ከሥሩ ያላጠፋሁት ጭራ ወጣ። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ኦርጋን ነው፣ ትንሽ ከቅኝቱ የወጣ፣ ከኋላው የሴቶች እልልታ፣ ከዚያ አንድ ወጣት "አበራ፣ ድገማት!" ይላል። ክሩ አለቀ።

የእህቴ ልጅ ወደ ስልኩ ገልብጦታል። በየሠርጉ እየሄደ በዕድሜ የገፉ ሙዚቀኞችን ያስደምጣል። እስካሁን ሁለት አበራ አግኝተናል፣ ሁለቱም እኔ አይደለሁም ብለዋል።